አባባ ከሎሪው የሰማው ዘፈን

— ሄሎ... አቤት ኢዛና። ትሰማኛለህ?... አንድ ጊዜ ቆየኝ፣ ወደ ጓሮ ልውጣ፤ የምሳ ሰው ገና አልተነሳም... ዳዶ፣ ጥግ ላይ ያሉትን አንቺ እያቸው። ወንድሜ ነው፣ ከናይሮቢ... እሺ፣ አሁን ይሻላል?... ደህና ነን። ሁላችንም ደህና። አንተስ?

— የምን መኪና?... አሃ። ለሐሙስ አገኘህ?... አይ፣ አልረሳሁም። እንዴት እረሳለሁ፣ እኔው አይደለሁ የለመንኩህ? «ና ውሰደው፣ እኔ አልቻልኩም» ብዬ አልቅሼብሃለሁ... አውቃለሁ። ፈቃድ ጠይቀሃል፣ የሚተኛበትንም ክፍል አዘጋጅተሃል... ኢዛና፣ ስማኝማ። መኪናውን ተወው።

— አይደለም፣ ምንም አልሆነም። ክፉ ነገር ቢኖር በዚህ ድምፅ አወራህ ነበር? አባባ ደህና ነው። ደህና ስልህ ደግሞ ለወጉ ያህል አይደለም... አሁን? ሱቅ ነው ያለው... የራሱ ሱቅ ነዋ፣ የመኪና መለዋወጫው... አዎ፣ ከፍቶታል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።

— እነግርሃለሁ፤ ግን ረጅም ነው። ተቀምጠሃል?... እንግዲያው ተቀመጥ።

— አንተ በዓይንህ ያየኸው እስከ እማዬ ሰልስት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የምታውቀው እኔ በስልክ የነገርኩህን ያህል ነው፤ እኔም ግማሹን ደብቄሃለሁ። ጠዋት ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ከዚያ ጓሮ ወጥቶ ዛፉ ስር ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሲመሽ ይገባል። በቃ፣ ቀኑ ይኸው ነው። የሱቁን ቁልፍ ሚስማር ላይ እንደሰቀለው አምስት ወር ሞላ። ምግብ ሳቀርብለት ሁለት ጉርሻ ይጎርስና «በቃኝ» ይላል። ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር የበሳሁት እኔ ነኝ... አዎ፣ ይህን አልነገርኩህም። ምን ብዬ ልንገርህ?

— ያልመጣ ሰው የለም። ቄሱ ከወዲያ ማዶ፣ ከአገራችን በኩል፣ ድንበሩን እየተሻገሩ ስንቴ መጡ። የዕድሩ ሰዎች መጡ። ጎረቤታችን ሀሊሞ በየሳምንቱ ወተት ይዛ ትመጣለች፣ እስካሁንም አልተወችም። ሁሉም «አይዞህ ኃይለማርያም፣ በርታ፣ ለልጆችህ ስትል» ይሉታል። «እሺ» ይላል። ከዚያ ዝም። እኔ ደግሞ የእማዬን ሆቴል ልያዝ ወይስ እሱን? ከቀብሯ ወዲህ ቁጭ ብዬ እንኳ አላለቀስኩላትም። ካንተ ጋር በስልክ ሳወራ ያለቀስኩት የድካም ነው እንጂ የሐዘን አልነበረም።

— እሱን ልነግርህ ነው እኮ። አዳን የሚባል ሾፌር አለ፣ ከኡራን ከብት የሚያመላልስ... አይ፣ አታውቀውም። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው እዚህ መስመር የገባው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ሎሪው ካምቢዮው ተበላሽቶበት ልክ ከአጥራችን ኋላ ሜዳው ላይ ቆመ። ከብቶቹን በሌላ መኪና አስጭኖ ላካቸውና እሱ ዕቃው እስኪመጣ ከሎሪው ጋር ቀረ። ዘጠኝ ቀን። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የጋቢናውን ሁለት በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ሙዚቃ ይለቃል።

— ምን ዓይነት ብትለኝ... ሮክ... ሮክ ነው የምልህ፣ በደንብ ሰምተሃል። ጊታሩ የኤሌክትሪክ ነው። የሚጮኸው ዓይነት ሳይሆን ዝግ ያለው፣ ሆድ የሚያባባው። ጊታሩ ጭነት ይዞ ዳገት እንደሚወጣ ሎሪ ያቃስታል። ከበሮውም ረጅም መንገድ የሄደ ሰው እንደሚራመደው ነው የሚራመደው። ዘፋኙ ማንንም አይቆጣ፣ ማንንም አይለምን... ሳቅ፣ ሳቅ። እኔ ግን የመጀመሪያው ቀን ንድድ ነው ያልኩት። ሐዘን ቤት አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር ይለቀቃል? ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ በአጥሩ ዞሬ ሄድኩና «ወንድሜ፣ እዚህ ሐዘን አለብን» አልኩት። ሰውዬው ድንግጥ አለ። ወዲያው አጠፋው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ፖሌ ሳና» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ንዴቴ በረደና ተመለስኩ።

— ጓሮ ስገባ አባባ ቀና ብሎ እያየኝ ነው። «ለምን አጠፋው?» አለኝ።

— አዎ። እሱ ራሱ... ኢዛና፣ አምስት ወር ሙሉ እኮ ጠይቆኝ አያውቅም። «በላሽ ወይ» እንኳ አይለኝም ነበር። «እኔ ነኝ ያስጠፋሁት» አልኩት። «ይክፈተው» አለ። ብቻ ይህን ብሎ እንደገና አንገቱን ደፋ።

— ምን አደርጋለሁ? ተመልሼ ሄድኩ። አዳን እንደገና ስመጣ ሲያየኝ ከጋቢናው ወርዶ ቆመ፤ ልጣላው መስሎታል። «ክፈተው ይልሃል» አልኩት። «ማን?» አለ። «አባቴ» አልኩት። ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም ሳይለኝ አልቀረም። ግን ከፈተው።

— በማግስቱ አባባ ወንበሩን ከዛፉ ስር አንስቶ አጥሩ ድረስ ወሰደው። ፀሐይ ላይ። በሦስተኛው ቀን ጓሮ ስወጣ ወንበሩ ባዶ ነው። ክው አልኩ። ለካ ዞሮ ሄዶ ሎሪው ውስጥ፣ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። እሱና አዳን ወደ ፊት እያዩ፣ የትም የማይሄድ መኪና ውስጥ... ምንም አያወሩም። ዘፈኑ ሲያልቅ አዳን ያየዋል፣ አባባ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ይጀመራል።

— አዎ፣ እዚሁ ነኝ... እና ያን ቀን ሻይ ይዤላቸው ሄድኩ። አዳን አባባን «ምዜ» ነው የሚለው፤ እዚህ ሽማግሌውን ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚሉት? ሠላሳ ዓመት በዚህ ሲጠራ የኖረ ሰውዬ፣ ያን ቀን ዞር ብሎ በአማርኛ «ሚዜ ያልከኝ፣ ሙሽራው ማነው?» አይለውም? አዳንም አማርኛውን ይሰማል፤ ሻዩ ከአፍንጫው ወጣ። እኔ ትሪውን ይዤ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

— ይህንኑ ጠየቅኩት። «ከብት የምትጭን ሰው፣ ይህን ሙዚቃ ከየት አመጣኸው?» አልኩት። የታናሽ ወንድሙ ነው። መሐዲ ይባላል፣ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። የደም ሕመም ይዞት ሁለት ዓመት ተኛ፣ ከዚያ ሞተ። ዕቃውን ሲሰበስቡ ከሱሪው ኪስ ውስጥ ትንሽ ፍላሽ ተገኘ፤ አርባ ምናምን ዘፈን፣ ሁሉም እንደዚያ ያለ። እናታቸው «ጣለው፣ ይህ የሰይጣን ጩኸት ነው» አለችው። አዳን ሎሪው ላይ ሰክቶ ሰማው። መጀመሪያ ምንም አልገባውም ነበር አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን ከኡራን ባዶውን ሲመለስ፣ ወንድሙ ሆስፒታል አልጋ ላይ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምን ያህል ሰላም እንደነበረው ትዝ አለው። «እኔ ያኔ ሕመሙ የሚብስበት መስሎኝ አውልቀው እለው ነበር» አለኝ። አሁን መንገድ ላይ ሲሰማው ወንድሙ ጎኑ የተቀመጠ ይመስለዋል።

— እሱም ቋንቋውን አያውቅም። ይኸው ነው የገረመኝ። ሁለት እንግሊዝኛ የማይሰሙ ሰዎች፣ አንዱ ወንድሙን፣ አንዱ ሚስቱን... ሄሎ? ኢዛና?... እሺ፣ ድምፅህ ጠፋብኝና ነው።

— በስድስተኛው ቀን አባባ ጠራኝ። «አንቺ እዚህ ተምረሽ የለም? ይሄ ዘፋኝ ምን እንደሚል ንገሪኝ» አለ። አንዱን ዘፈን ነው የሚደጋግመው፣ አስራ ሰባተኛውን... ስሙን አላውቀውም። መሐዲ ስም አልጻፈባቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ጋቢና ወጣሁ፣ መሃላቸው ተቀመጥኩ። አዳን ለቀቀው። እኔ እየተከተልኩ መተርጎም ጀመርኩ። «ወንበርሽ እዚያው ነው» ይላል። «አላነሳሁትም። እንግዳ ሲመጣ ቆሜ አነጋግረዋለሁ እንጂ እሱ ላይ አላስቀምጥም። ሰዎች ቤቱ ጠበበ ይሉኛል። እኔ ግን ሰፍቶብኛል።» እዚህ ላይ ስደርስ... እንግሊዝኛው ሌላ ሰው የሚለው ነበር፤ በአማርኛ ሳወጣው ግን የራሴ አፍ ነው የሚለው። መተርጎሙን ተውኩት። የእማዬ ወንበር፣ ያ ሒሳብ የምትቀበልበት፣ አምስት ወር ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው። እግሬ እያበጠ አልተቀመጥኩበትም። ለምን እንደሆነ እስከዚያች ሰዓት ራሴም አላወቅኩትም ነበር።

— አለቀስኩ። እንዴት ያለ ለቅሶ... አዳን በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ጎማውን የሚያይ መስሎ። አባባ «አይዞሽ» አላለኝም። «በቃሽ» አላለኝም። ትንሽ ጠጋ አለልኝ፣ ትከሻው ትከሻዬን እስኪነካኝ። ዘፈኑ አለቀ፣ ሌላው ጀመረ፣ እሱም አለቀ። በኋላ ምን አለኝ መሰለህ? «እዚህ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ በርታ አለኝ። ይሄ ሾፌር ብቻ ምንም አላለኝም። አብሮኝ ተቀመጠ» አለ።

— እኮ... አዎ። እኔም ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስበዋለሁ።

— ቆይ፣ አላለቀም። ዕቃው መጣ፣ ካምቢዮው ተሠራ። ሎሪው ሲነሳ ልቤ ምን ያህል እንደፈራ አልነግርህም። ሙዚቃው ይሄዳል፣ አባባ ወደ ወንበሩ ይመለሳል፣ እንደገና ዝም ይላል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አዳን ሊሰናበት መጣ። ወደ ሶሎሎ ጭነት አለኝ አለ። አባባ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ገባ፣ ጫማውን ለውጦ ወጣ። «ካላስቸገርኩህ ልሳፈር» አለው።

— ሶሎሎ፣ አዎ። ያ መንገድ... እማዬን ወደ ሆስፒታል ይዟት የወጣበት መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ እንኳ ሲጠራ ይነሳል፣ ይወጣል። እኔ እንቢ ልለው ነበር። አዳን በዓይኑ ተዪው አለኝ። ተውኩት። ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቀኝ፤ ሁለት ጊዜ ሻይ ውስጥ ጨው ጨምሬያለሁ።

— በማግስቱ ከሰዓት ተመለሰ። ከራሱ እስከ እግሩ አቧራ። ታጠበ፣ ገበታ ቀረበ፣ በላ። ሁለት ጉርሻ አይደለም፣ ሳህኑን ጨረሰ። እኔ እንዳላይ ሆኜ አየሁ። ከዚያ ራሱ ጀመረልኝ። ኦዳ መንደርን አለፍ ብለው ሲሄዱ አዳንን «አቁምልኝ» አለው። እማዬ ያረፈችው እዚያ ነው። ሆስፒታል ደርሳ አይደለም፣ ለሁላችንም እንደዚያ አለን እንጂ፤ እኔም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ይዟት በወጣባት ፒክአፕ ኋላ ወንበር ላይ፣ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጋ። የመጨረሻ ቃሏን ታውቃለህ?... ማንም አያውቅም ነበር። ለማንም አልተናገረም። «ቁርስህን ሳትበላ ወጣህ» ነው ያለችው።

— አዎ። ለዚህ ነው ምግብ አልወርድ ያለው። በየቀኑ ገበታ ስናቀርብለት ያቺን ቃል ነበር የምናቀርብለት... አናውቅማ። ከየት እናውቃለን?

— አዳን ሎሪውን ዳር አቆመ። ያቺን አስራ ሰባተኛዋን ለቀቀለት፣ በሩን ከፍቶ። አባባ ወርዶ መሬቱ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ፣ ስሟን እየጠራ። ብዙወርቅ፣ ብዙወርቅ እያለ። ፍየል የሚጠብቁ ሴቶች ከሩቅ ሲያለቅስ ሰምተው መጡ፤ አንዷ ውሃ ሰጠችው። ማን እንደሞተበት እንኳ አልጠየቁትም አለ፤ አጠገቡ ቆሙ ብቻ። ከዚያ ተነሳ፣ ጨርቁን አራገፈ፣ ሄዱ። ሶሎሎ እንደደረሱ «ራበኝ» አለ። አዳን ቻፓቲ በባቄላ አስቀርቦለት በላ።

— አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ልተወው ብዬ ነበር፣ ግን ብታውቀው ይሻላል። አልወቀሰህም፣ ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ። «የቀብሩ ዕለት ኢዛና ክንዴን ያዘኝና አባባ በርታ፣ ሰው እያየህ ነው አለኝ። ልጄ እውነቱን ነው ብዬ በረታሁ። ከዚያ በኋላ ያ ብርታት እንዴት እንደሚፈታ ጠፋኝ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ተቆጥቶ አልነበረም። ላንተ እያዘነ ነው ያወራው።

— ኢዛና?

— ኢዛና፣ አለህ?... እሰማሃለሁ። ቀስ በል... አውቃለሁ። እሱ ካለቀሰ አንተ መቆም እንደማትችል... አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ክንዱን የያዝከው እሱን ልትደግፍ አልነበረም፣ አንተ ልትደገፍ ነበር... እሱም ያውቃል መሰለኝ... አልቅስ። የሥራ ባልደረባህ ቢያይህስ ምን አለበት? እኔ ምንም አልልህም። ስልኩን አልዘጋም፣ እዚሁ ነኝ።

— ...

— ዳዶ፣ ትንሽ ቆዪ፣ መጣሁ... አይ፣ ምንም አልሆንኩም። ወጥቼ የቆየሁት ከወንድሜ ጋር ሳወራ ነው። የሻዩ ማንዳዚ ካለቀ አለቀ በያቸው።

— እህ... አሁን ይሻላል?... አይዞህ ልልህ ነበር፣ ዋጥኩት... ሳቅክ፣ ጥሩ።

— አይ፣ ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልህም። ትናንት እስከ ረፋድ አልተነሳም። ገብቼ ሳየው «ዛሬ ከብዶኛል» አለኝ። ግን አለኝ እኮ። ድሮ ዝም ነበር የሚለው፣ አሁን ከብዶኛል ይለኛል፣ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከዚያ ተነስቶ ሱቁን ከፈተ። እኔም ምሳ ሰዓት ላይ የእማዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ እግሩ አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር።

— ና እንጂ፣ ማን አትምጣ አለህ? ሐሙስ ና። ግን ልትወስደው አትምጣ፣ ልትቀመጥ ና። አዳንም ሐሙስ ከኡራን ይመለሳል፣ ታየዋለህ... ዘፈኖቹን? እልክልሃለሁ፤ ገልብጦ ሰጥቶኛል። አባባ ሱቁ ውስጥ በትንሿ ስፒከር ይሰማቸዋል። ፍሬን ሸራ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ቄሱም ሰሙት። ምን አሉ መሰለህ? ትንሽ ቆመው አዳመጡና «እህ» ብለው ሄዱ። አልተቆጡም።

— ቆይማ... እሱ ነው። አባባ ነው፣ መጣ... አባባ፣ ግባ፣ ምሳህ ተከድኗል... ከኢዛና ጋር ነኝ።

— አላውቅም፣ ኢዛና። እስካሁን ስልክ አይቀበልም። ቁጥርህን ሳሳየው እጁን ነበር የሚያወዛውዘው፣ ታውቃለህ... አባባ፣ ኢዛና ነው። ላገናኝህ?... ምን?... እጁን እየታጠበ ነው። ቆይ... በፎጣ እያደረቀ ነው። ኢዛና፣ እጁን ዘረጋ። እየሰጠሁት ነው። እንካ አባባ... ሄሎ በለው።

— ምነው?... አይሰማም? አምጣው እስኪ... ሄሎ? ኢዛና? ሄሎ?... ተቋረጠ፣ አባባ። ኔትወርኩ ነው፣ እሱ አልዘጋውም... አዎ፣ ይደውላል፣ ትንሽ እንጠብቀው። አንተ እስከዚያ ምሳህን...

— ምን አልክ?... አንተ ልትደውልለት? ቁጥሩ ከየት አለህ፣ እኔ ነኝ የያዝኩት... በቃልህ ታውቀዋለህ? ከመቼ ጀምሮ?

— እሺ። እንካ... ዳዶ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺልኝ። አባባ ስልክ ሊያወራ ነው።